የምስጋና ደብተር

«እንደምን አደሩ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት የአገራችን ልማድ ነው። መልካም ልማድ ነው፤ ዳሩ ግን ሲደጋገም ከምላስ አያልፍም። እኔ እንደሚመስለኝ ምስጋና ፍሬ የሚሰጠው ያደረገልን ሰው ማን እንደ ሆነ ለይተን ስናስብ ነው።

ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን እንመልከት። በወሊድ ጊዜ ባገኛቸው የፊስቱላ ሕመም ምክንያት ወደ አዲስ አበባ መጥተው ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን አከሟቸው። ከታከሙም በኋላ እዚያው ቀርተው የሕሙማንን አልጋ ያነጥፉ ጀመር፤ ቀስ በቀስም እያዩና እየረዱ ቀዶ ጥገናን ተማሩ። የተቀበሉትን እርዳታ ለሌሎች ሴቶች አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳይ ሸለማቸው። ይህ ሁሉ ትምህርት ቤት ሳይገቡ መሆኑን ሳስብ እኔ መምህሩ እደነቃለሁ።

እኔስ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ በየማታው በአንዲት ደብተር ላይ በዚያ ቀን የጠቀመኝን አንድ ሰው በስሙ እጽፋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ልጽፋቸው የፈለግሁት ገና ሳይነጋ የሰፈራችንን መንገድ የሚጠርጉትን እናት ነበር። ስማቸውን ግን አላውቀውም፤ ስለዚህ በማግሥቱ ማልጄ ወጥቼ ጠየቅኋቸው። ስም ጨዋታን ያመጣል፤ በጨዋታውም መካከል ልጃቸው በሒሳብ ደክሞ ትምህርቱን ሊተው እንደ ተቃረበ ሰማሁ። አንባቢ ሆይ፣ ዕድሜውን ሒሳብ ሲያስተምር የኖረ ሰው ይህን ሰምቶ ዝም ማለት እንዴት ይቻለዋል?

እነሆ፣ ልጁ በሳምንት ሦስት ቀን ማታ ማታ ይመጣል። ክፍልፋይ ገና አልገባውም፤ ማባዛቱን ግን አሁን ጣቱን ሳይቆጥር ይሠራዋል።