ሁለት ሰዓት

በቅርቡ እንድተረጉመው ከቀረበልኝ የጉዞ ጽሑፍ ውስጥ አንዲት አንቀጽ ብዕሬን አስቆመችው። ከስኮትላንድ በስተሰሜን፣ በኦርክኒ ደሴቶች፣ ዌስትሬይ እና ፓፓ ዌስትሬይ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ደሴቶች አሉ። ከአንደኛዋ የአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሁለተኛዋ ያለው ርቀት 2.7 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ መደበኛ በረራ አላቸው፤ መምህራንና ሕሙማን ይመላለሱበታል። የተመደበለት ጊዜ ሁለት ደቂቃ ሲሆን፣ ነፋስ ረድቶት በ53 ሴኮንድ የተጠናቀቀበት ቀንም አለ። የኢንቴቤ ዋና መንደርደሪያ እንኳ ከ3.6 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የእነርሱ ጉዞ በሙሉ በእኛ መንደርደሪያ ላይ ተዘርግቶ ቦታ ይተርፈዋል ማለት ነው።

ትርጉሙን እንደጨረስኩ የራሴን መንገድ ለካሁ። ከኢንቴቤ እስከ ቦሌ በአየር 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2018 ፈጣኑ መንገድ ከመከፈቱ በፊት፣ መኪና በተጨናነቀ ቀን፣ ከንሳምብያ ኢንቴቤ ለመድረስም ይህንኑ ያህል ጊዜ ያባከንኩበት ወቅት ነበር። ሲደረስም የእጅ ሰዓት ማስተካከል አያሻም። እንዲያውም ባጋንዳ ጎረቤቶቼ እንደ እኛው ቀኑን ከንጋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ፣ «ሳዋ ኤሙ» ሲሉኝ ሳላሰላ ጠዋት አንድ ሰዓት መሆኑን እረዳለሁ። በዚህ ከተማ መተርጎም የማያስፈልገኝ ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

እናቴ የደቅ ደሴት ተወላጅ ናት፤ አሁን የምትኖረው ባሕር ዳር ነው። ርቀትን የምትለካው በታንኳ ነው። አንድ ቀን በስልክ፣ «ያለህበት አገር ምን ያህል ይርቃል?» ስትለኝ፣ «እስከ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ነው፣ እማዬ» አልኳት። ጥቂት ዝም አለችና፣ «እኛ ከደቅ ባሕር ዳር በታንኳ ስንመጣ ውለን አድረን ነበር የምንደርሰው። ሁለት ሰዓት ከሆነማ ምን ያዘህ፣ ልጄ?» አለችኝ።

የያዘኝ መሳቢያዬ ውስጥ ያለው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ነው። የ1951ዱ የጄኔቭ ስምምነት በአንቀጽ 28 የሰጠኝ መብት ነውና አላማርረውም። ከገጾቹ በአንዱ ከኢትዮጵያ በቀር ለሁሉም አገሮች እንደሚያገለግል ተጽፏል። ቪዛ ከተሰጠኝ ዌስትሬይ ድረስ ሄጄ የሁለት ደቂቃውን በረራ መሳፈር እችላለሁ። ቦሌ መውረድ ግን አልችልም። ያቺን «በቀር» የምትል ቃል ለስንት ሰው ተርጉሜአታለሁ! ላለሰልሳት ሞክሬ ነበር፤ የሕግ ቃል ናትና አትለሰልስም። ለእናቴ ግን እስከ ዛሬ አልተረጎምኩላትም። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

ባለፈው ፋሲካ ደግማ ጠየቀችኝ።

«ስንት ሰዓት ነበር ያልከኝ?»

«ሁለት።»

«እንግዲያማ ጠዋት ብትነሣ፣ ለምሳ ባይሆን ለራት ትደርሳለህ» አለች። መልሴንም ሳትጠብቅ ወሬውን ወደ በግ ዋጋ አዞረችው።