«ሞርቱ» ማለት ሞተ ነው ወይስ ተገደለ?

ፖርቱጋልኛ ስትማር ቶሎ የምታገኘው ነገር ከግሥ የሚወጣው ቅጽል ነው፤ በእኛ ቋንቋ «ክፍት»፥ «ዝግ»፥ «ሙት» እንደምንለው ያለ ማለት ነው። አወጣጡ አያስቸግርም። መናገር ከሚባለው «ፋላር» «ፋላዱ»፥ መብላት ከሚባለው «ኩሜር» «ኩሚዱ» ይወጣል።

ጠባዩ የሚታወቀው ግን ከረዳት ግሥ ጋር ሲቆም ነው። «ቲኛ» ሲቀድመው መልኩን አይለውጥም፤ ደብዳቤም መጽሐፍም «ጽፎ ነበር» ሲባል ቃሉ ያው «እሽክሪቱ» ነው። «ፎይ» ሲቀድመው ግን ለባለቤቱ ይታዘዛል፤ ደብዳቤ በፖርቱጋልኛ ሴት ናትና «ተጻፈች» ለማለት «ፎይ እሽክሪታ» ይባላል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ሁለት ቅጽል ያለው ግሥ ነው። «ቲኛ ማታዱ» ገድሎ ነበር ማለት ሲሆን «ፎይ ሞርቱ» ግን ተገደለ ማለት ነው። ይኸው «ሞርቱ» መሞት ለሚለውም ግሥ ስለሚያገለግል፥ «እሽታቫ ሞርቱ» ሲሉ ሞቶ ነበር ማለታቸው ነው። በአማርኛ ግን «ሙት» ከሞተ እንጂ ከገደለ አይወጣም።

ይህ ለእኛ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም። የዚያን ዘመን ታሪካችንን ፖርቱጋሎችም በቋንቋቸው ጽፈውታል። የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫው በአገራችን ሲዋጋ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1542 ዓ.ም. በኢማም አሕመድ እጅ ተማርኮ ተገደለ። ስለ እንዲህ ያለ ሰው «ፎይ ፕሬዙ ኢ ሞርቱ» የሚል ብታገኝ «ተይዞ ሞተ» ብለህ አትተርጉም፤ «ተይዞ ተገደለ» ነው። ሞተ ካልህ ገዳዩ ከታሪኩ ይጠፋል። ስለዚህ ቅጽሉን ከመተርጐምህ በፊት ከፊቱ የቆመውን ረዳት ግሥ ተመልከት።