አባይ ቁልቁል የሚወርድበት ካርታ

ባቡሩ ከሜስትሬ ተነሥቶ ወደ ቬኒስ ሲያቀና ግራና ቀኙ ውኃ ብቻ ይሆናል። የብሱን ከደሴቶቹ ከተማ ጋር ያገናኘው የባቡር ድልድይ የተሠራው በ1846 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከጎኑ ተጠግቶ የሚሄደው የመኪና ድልድይ ደግሞ በ1933 በፋሺስቶች ዘመን ተመርቆ የሥርዓቱን ዓርማ ስም ተሸክሞ ነበር፤ ፋሺዝም ሲወድቅ «የነጻነት ድልድይ» ተባለ። መንገደኛው አያቱ ከዚያው ሥርዓት ጋር አምስት ዓመት በዱር በገደል የተናነቁ ሰው ነበሩና ይህ የስም ለውጥ ለእርሱ ተራ የመመሪያ መጽሐፍ ወሬ አልነበረም።

መንገደኛው የሥዕልና የጂኦግራፊ መምህር ነው። በሌላ የኢጣሊያ ከተማ የተደረገው የመምህራን ስብሰባ ሲያበቃ ባልደረቦቹ ወደ ሮማ ወረዱ፤ እርሱ ግን የቀረችውን አንድ ቀን ተኩል ይዞ ብቻውን ወደ ሰሜን ምሥራቅ መጣ። በጎንዶላ ለመንሸራሸር አልመጣም፤ ለዚያ የሚበቃ ገንዘብም አልያዘም። ያመጣው አንድ ካርታ ነው። ከካርታው በስተጀርባ ደግሞ አንድ ተማሪ አለ።

ነገሩ የተፈጸመው ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። መምህሩ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቹን የአባይን ጉዞ ከጣና እስከ ሜዲትራንያን ባሕር እንዲሥሉ አዝዟቸው ነበር። አንድ ልጅ ጣናን ከወረቀቱ አናት፣ ግብፅን ከግርጌው አድርጎ አመጣ። መምህሩም በቀይ እስክሪብቶ ወረቀቱን ከጥግ እስከ ጥግ ሰርዞ «ተገልብጧል» ሲል ጻፈበት፤ ዜሮም ሰጠው። ልጁ ብድግ ብሎ «ጋሼ፣ ወንዝ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ ይፈስሳል እንዴ?» ቢል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህሩም አብሮ ሳቀ። ልጁ ቁጭ አለ። ከዚያን ቀን በኋላ እጁን አውጥቶ ሲጠይቅ ያየው የለም፤ ዓመቱ ሳያልቅም ቤተሰቡ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ።

መምህሩ ጥፋተኛ አይደለም ሊባል ይችል ይሆናል። የትምህርት ቤት ካርታ ሰሜንን ወደ ላይ ያደርጋል፤ ይህን ማስተማርም ሥራው ነው። እርሱም ለብዙ ጊዜ ራሱን ሲያጽናና የኖረው በዚሁ ነበር። ዳሩ ግን አንድ ቀን ስለ ፍራ ማውሮ ካርታ የተጻፈ መጽሐፍ እጁ ገባና መጽናኛው ጠፋ። በ1450 ገደማ ቬኒስ ውስጥ የተሠራው ያ የዓለም ካርታ ደቡብን ወደ ላይ ያደረገ ነው።

ጠዋት በአንድ ሰዓት ከእርሱ ጋር ከባቡሩ የወረዱት ጎብኚዎች አልነበሩም። ምግብ አብሳዮች፣ አልጋ አንጣፊዎች፣ የሱቅ ሠራተኞች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል ኑሯቸውን ሜስትሬ ያደረጉ የባንግላዴሽ ተወላጆች ብዙ ናቸው። ለከተማይቱ እንግዶች ቁርስ የሚያዘጋጁትና አንሶላ የሚለውጡት እጆች ማታ ማታ ድልድዩን ተሻግረው ያድራሉ፤ በከተማይቱ ውስጥ የቤት ኪራይ ከአቅማቸው በላይ ነውና። በ1951 በደሴቶቹ ላይ 175,000 ያህል ሕዝብ ይኖር ነበር። በ2022 ቁጥሩ ከ50,000 በታች ወረደ። በሪያልቶ ድልድይ አጠገብ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት መስኮት ውስጥ የቀሩትን ነዋሪዎች ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ በ2008 ተሰቅሏል። ሰሌዳው መድኃኒት ቤት ውስጥ መሆኑ፣ መቼም፣ ያለ ነገር አይመስልም።

በቬኒስ ጎዳና መኪና የለም። አምቡላንሱ ጀልባ ነው፤ ቆሻሻ የሚሰበሰበው በጀልባ ነው፤ ሙታንም የሚሸኙት በጀልባ ነው። ከጀልባው የወረደውን ጭነት ወደየቤቱ የሚያደርሱት ደግሞ ጋሪ የሚገፉ ሰዎች ናቸው። ጋሪዎቹ የድልድዩን ደረጃ መወጣጫ እንዲሆኑ ከፊታቸው ተጨማሪ ትናንሽ ጎማዎች ተሠርተውላቸዋል። ከተማይቱ ከአራት መቶ የሚበልጡ ድልድዮች አሏት፤ የአንድ ጋሪ ገፊ የቀን ውሎም በደረጃ ይቈጠራል ማለት ነው። መንገደኛው በአንዱ ድልድይ ላይ የማዕድን ውኃ የጫነ ጋሪ ተይዞበት የሚታገል ጎልማሳ አየና ቦርሳውን ወደ ጀርባው ጥሎ ከኋላ ገፋለት። ከአናቱ ሲደርሱ ሁለቱም ቁና ቁና እየተነፈሱ ተያዩ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም፤ ሰውየው ከጭነቱ አንድ ጠርሙስ መዞ ሰጠውና ወረደ።

ውኃው ያለ ምክንያት አልተጫነም ነበር። በየአደባባዩ መካከል የተቀረጸ የድንጋይ አፍ ያላቸው ጉድጓዶች ይታያሉ፤ ዛሬ ተዘግተዋል። የባሕሩ ውኃ ጨው ስለ ሆነ የቬኒስ ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የጠጡት ዝናብ ነው። አደባባዩን ቆፍረው፣ ዙሪያውን በሸክላ ጭቃ ለስነው፣ በአሸዋ ይሞሉታል፤ ዝናቡ በአሸዋው ውስጥ እየተጣራ ወደ መካከለኛው ጉድጓድ ይሰበሰባል። የቧንቧ ውኃ ከየብስ የገባላቸው በ1884 ነው። በልጅነቱ ከእናቱ ጋር እንስራ ይዞ ምንጭ ለወረደ ሰው በባሕር መካከል ተቀምጦ ደመናን ማየት ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም። ከነዚህ ጉድጓዶችም በታች ሌላ ሥራ አለ፤ አየር በማያገኝበት ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ሳይበሰብስ ሕንጻዎቹን የተሸከመው የእንጨት ችካል። በ1631 ተጀምራ በ1687 ያለቀችው የሳሉቴ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በሚበልጡ ችካሎች ላይ ቆማለች ይባላል። ንድፉን ያወጣው ሎንጌና የሚባል ሰው ነው። ችካሎቹን የቀበሩት ግን እነማን ይሆኑ?

መንገደኛው የቲንቶሬቶን ሥዕሎች አላየም። ሠዓልያን አንባቢዎች ይህን ይቅር አይሉት ይሆናል፤ እርሱ ግን ሰዓቱን ቈጥቦ በኮረር ሙዚየም በኩል ወደ ማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ገባ።

ካርታው ክብ ነው። በብራና ላይ ተሥሎ ከእንጨት ጋር ተጣብቋል፤ ስፋቱ ሁለት ሜትር ያህል ይሆናል። በላዩ የሠፈሩት ጽሑፎች ወደ ሦስት ሺህ ይጠጋሉ። መምህሩ አገሩን በለመደበት ቦታ ቢፈልጋት አጣት። አንገቱን አዘመመ፤ ጎንበስ አለ። የሙዚየሙ ጠባቂ የታመመ መስሎት ጠጋ ሲል አየውና ቀና ብሎ ቆመ። አፍሪቃ ከላይ በስተቀኝ ነበረች። ከዚያም ሥፍራዎቹን ከመጽሐፉ በቀዳው ማስታወሻ እየተረዳ አንድ በአንድ አገኛቸው፤ ሸዋ አለ፤ አዋሽ አለ፤ አባይ አለ። አባይም ከላይ ተነሥቶ ወደ ግብፅ ቁልቁል ይወርዳል።

የእርማት ልማድ አይለቅምና መምህሩ ወዲያው ስሕተቱን ማየት ጀመረ። ካርታው የኢትዮጵያን ወንዞችና አውራጃዎች ያለ መጠን ዘርግቶ ደቡባዊውን የአፍሪቃ ክፍል ሳይቀር ሞልቶባቸዋል። ለዚህም ፍራ ማውሮ ራሱ መልስ ትቷል። የጥንት ሊቃውንት ስለማያውቁት ስለ ደቡቡ ምድር እንዴት ልትናገር ቻልክ የሚለው ሰው ቢኖር በማለት በካርታው ላይ በጻፈው ማስታወሻ፣ የዚያን ምድር ሥዕል ያገኘው ከዚያው ከተወለዱ ሰዎች እንደ ሆነ ይገልጻል። ሰዎቹ ካህናት ነበሩ፤ አውራጃውን፣ ከተማውን፣ ወንዙንና ተራራውን ከነስሙ በገዛ እጃቸው ሥለው ሰጥተውታል። ቦታ ስላነሰው ሁሉን በሥርዓት ለማስፈር እንዳልቻለም ያክላል።

በገዛ እጃቸው። መምህሩ ከዚህ ቃል ላይ አልነቃነቅ አለ። እስከ ዛሬ ተማሪዎች «ካርታ የሠራው ማነው?» ሲሉት የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ «ፈረንጆች» ይል ነበር።

እነዚያ ካህናት እነማን ነበሩ? በ1402 ከዐፄ ዳዊት የተላኩ መልእክተኞች አራት ነብር ይዘው ቬኒስ ደርሰዋል። በ1441 ከኢየሩሳሌም የተነሡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፍሎሬንስ በተደረገው ጉባኤ ተገኝተዋል፤ ለፍራ ማውሮ የሠለሉት ከእነርሱ ወገን ሳይሆኑ አይቀሩም የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። የሥዕሉ ባለቤቶች ስም ግን በካርታው ላይ የለም። በአንጻሩ በ1480ዎቹ ገደማ ከዚችው ከተማ ተነሥቶ ወደ አገራችን የመጣው ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሌዮን ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ሲኖር «መርቆሬዎስ» የሚል ስም አገኘ፤ ስሙን የጻፈባቸው ሥዕሎቹም በእኛው ዘንድ ተጠብቀው ቆይተዋል። ቬኒስ የሰጠችን ሠዓሊ ስም አለው፤ ለቬኒስ የሰጠናቸው የላቸውም። በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒሱ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት የራሷን አዳራሽ ይዛ ስትቀርብ የሠዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳ ሥራዎች ከነባለቤታቸው ስም ታይተዋል። በመካከሉ ወደ ስድስት መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለፈ።

ከሰዓት በኋላ መንገደኛው ከከተማይቱ ሰሜናዊ ዳርቻ በሕዝብ ማመላለሻ ጀልባ ተሳፍሮ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ወደምትርቀው ወደ ሳን ሚኬሌ ደሴት ተሻገረ። ፍራ ማውሮ የኖረውና የሠራው በዚያች ደሴት ገዳም ነው። ዛሬ ደሴቲቱ የከተማይቱ መካነ መቃብር ናት። ነጩ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን መታነጽ የጀመረው በ1469 ስለ ሆነ መነኩሴው አላየውም፤ ከዚያ በፊት ሞቷል። አበባ የያዙ ሁለት አሮጊቶች ከፊቱ ወርደው ወደ መቃብሮቹ አመሩ፤ መምህሩም ጥላ ሥር ካለ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ዐረፍ አለ።

ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። ጣናን ከገጹ አናት ላይ ሣለና ወንዙን ቁልቁል ለቀቀው፤ የጎጃምን ምድር አዙሮ፣ በረሃውን አሻግሮ፣ እስከ ባሕሩ አወረደው። እጁ ለዚህ አቅጣጫ እንግዳ ስለ ነበር መታጠፊያዎቹን ሁለት ጊዜ አጥፍቶ ሣላቸው። ሥራው ሲያልቅ ከታች በስተቀኝ፣ ተማሪዎቹ ስማቸውን በሚጽፉበት ጥግ ላይ፣ የዚያን ልጅ ስም ጻፈ። የአባቱንም ስም ሊጨምር እርሳሱን አስጠጋ። አልመጣለትም። በፊደል ተራ ቢሞክር፣ የክፍሉን ልጆች ከፊት ወንበር እስከ ኋላ አንድ በአንድ በዓይነ ኅሊናው ቢጠራ አልመጣለትም። የመመለሻው ጀልባ ሲጠጋ ሰዎቹ ወደ ማረፊያው መሰለፍ ጀመሩ፤ እርሱም እርሳሱን እንደ ያዘ ተነሥቶ ከኋላቸው ቆመ።