ቆጥረሽ ብቻ አትመለሺ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ከጅማ ደውለሽ ከክፍል ጓደኞችሽ ጋር የነዋሪውን ጤና ለማጥናት ወደ ገጠር ቀበሌ ልትወጪ መሆንሽን ስትነግሪን እኔም እናትሽም ደስ አለን። ጎንደር ተምሬ ዕድሜዬን በጤና መኮንንነት የጨረስኩ አባት ነኝና እንዲህ ላለው ጉዞ ያለ ምክር ልሸኝሽ አልወደድሁም።

አስቀድሞ ይህ ሕዝብ መካከል ገብቶ የመማር ልማድ ከየት እንደመጣ እወቂ። እ.ኤ.አ. በ1953 ጎንደር አጠገብ ባለችው ደንቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በዓመቱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ጤና መኮንኑ፣ የኅብረተሰብ ነርሷና ሳኒታሪያኑ በአንድ ቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ላይ ይሠለጥኑ ነበር። አንዱ ሕመምተኛ ሲያክም፣ ሌላዋ እናቶችን በየቤታቸው ስትጎበኝ፣ ሦስተኛው የምንጩን ውኃና የመጸዳጃውን ጉዳይ ሲያይ ውሎ፣ ማታ ያዩትን ይወያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው፣ ዛሬ የአንቺ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ይህንኑ ሐሳብ አሰፋው፤ ተማሪው እስኪመረቅ ሳይጠብቅ ከማኅበረሰቡ ጋር እየኖረ እንዲማር ሥርዓት አበጀ። ስለዚህ የቀበሌው ነዋሪ ከመምህራንሽ አንዱ ነውና እንደ መምህር አክብሪው።

ስትደርሱ መጠይቁን ከማውጣታችሁ በፊት የቀበሌውን ሊቀ መንበር፣ የዕድር ዳኞቹንና የሃይማኖት አባቶቹን እጅ ንሡ፤ የመጣችሁበትንም አስረዱ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን በተለይ ፈልጊያት። የትኛዋ ነፍሰ ጡር ክትትል እንዳቋረጠች፣ የትኛው ቤት ሕፃኑን እንዳላስከተበ ታውቃለች። በትምህርት ደረጃ እበልጣታለሁ ብለሽ አትለፊያት። የአካባቢው ሰው የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነውና አስተርጓሚ ቢኖርም ሰላምታውንና የሕመም መጠየቂያውን አንቺው ተማሪ። አስተርጓሚው የጎረቤት ልጅ ሲሆን አንዲት ሴት ስለ ውርጃዋ ወይም ስለ ሳንባ ነቀርሳዋ እውነቱን ለመናገር እንደምትሳቀቅ አትርሺ።

ልጄ፣ ዋናው ምክሬ የሚቀጥለው ነው። በአንድ ቤት ትራኮማ የያዘው ሕፃን አገኘሽ እንበል። እናቱን “ፊቱን በየቀኑ እጠቢው” ብለሽ ብትወጪ ትምህርት ሰጠሁ ትያለሽ። ሴትየዋ ግን ውኃ የምትቀዳው ሩቅ ወርዳ ከሆነ፣ ምክርሽ ድካሟን አላቃለለላትም፤ ይልቁንም ጥፋተኛ አደረጋት። ትራኮማን ለመከላከል አራት ነገር በአንድነት ያስፈልጋል፤ የታጠፈውን የዓይን ቆብ በቀዶ ጥገና ማቅናት፣ አንቲባዮቲክ መስጠት፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ንጽሕና። ሁለቱን የጤና ባለሙያ ይሠራቸዋል። የቀሩት ሁለቱ ግን ያለ ውኃና ያለ መጸዳጃ አይሆኑም፤ የውኃው ውሳኔ ደግሞ ያለው በወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ነው። ለጤና መሟገት ማለት እንግዲህ ከዚያች ቤት ተነሥቶ እስከዚያ ጽሕፈት ቤት ድረስ መሄድ ነው።

ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ስንት አባወራ ንጹሕ ውኃ እንደማያገኝ፣ ምንጩ የስንት ደቂቃ መንገድ እንደሆነ፣ ስንት ሕፃን እንደታመመ ቆጥራችሁ በአንድ ገጽ ጻፉት። የማንንም ስምና ምስጢር አታውጡ። ክስ ያዘለ ንግግር ባለሥልጣኑን ያስቆጣዋል፤ የተጣራ ማስረጃ ግን መልስ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ከሁሉ በላይ ችግሩ የገጠማቸውን እናቶች ይዛችሁ ግቡ፤ ራሳቸው መናገር የሚችሉትን አንቺ ቀምተሽ አትናገሪላቸው። እናንተ ተመልሳችሁ ስትሄዱ ጉዳዩን የሚከታተሉት እነሱ ናቸው።

በወሊድ የምትሞትን እናት ጉዳይም እንዲሁ መርምሪ። ወደ ሕክምና ለመሄድ መወሰን ይዘገያል፤ ከተወሰነ በኋላ መድረስ ይዘገያል፤ ከደረሰች በኋላም ሕክምናው ይዘገያል። የመጀመሪያው ከባልና ከአማት ጋር መነጋገርን ይጠይቃል፣ ሁለተኛው መንገድና አምቡላንስን፣ ሦስተኛው ባለሙያና ደምን። የቱ ላይ እንደዘገየች ሳትለዪ የምታቀርቢው አቤቱታ ሰሚ አያገኝም።

የማይሆን ተስፋም አትስጪ። መጠይቅ ይዞ ቤቱ የገባን ተማሪ ሁሉ ሰው “እርዳታ ሊያመጣልኝ ነው” ብሎ ያስባል። የምትችሉትንና የማትችሉትን በግልጽ ንገሯቸው። ተማሪ በየዓመቱ እየመጣ ያንኑ ጥያቄ ጠይቆ ድምፁ ከጠፋ፣ ነዋሪው ይሰለቻል፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ሐኪምም እውነቱን አይነግረውም። የሰው ጊዜና ምስጢር ተቀብሎ ምላሽ አለመመለስ ዕዳ ነው።

ውጤት ያገኘሽበት ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ እንዲቀር አልፈልግም። ከቀበሌው ከመውጣታችሁ በፊት ነዋሪውን ሰብስባችሁ ያገኛችሁትን ንገሩት፤ ቅጂውን ለጤና ኬላው፣ ለወረዳውና ከእናንተ በኋላ ለሚመጡት ተማሪዎች አስረክቡ፤ መልሱንም ተከታተሉ። ነገ ሐኪም ስትሆኚም ሕመምተኛሽን ካከምሽ በኋላ ያሳመመውን ነገር ለሚመለከተው ሳታደርሺ ሥራዬን ጨረስኩ እንዳትይ አደራ።

እግዚአብሔር ይከተልሽ፤ በሰላም ግቢ።

የሚወድሽ አባትሽ