ጨንቻና የሰዓት ደወል

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መንገደኛ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ከቆላ ወደ ደጋ ይደርሳል። የአባያና የጫሞ ሐይቆች ወደ ታች እየራቁ ይሄዳሉ፤ ሙቀቱ በብርድ፥ ሙዙም በእንሰትና በቀርከሃ ይለወጣል። ከተማይቱ አርባ ምንጭ ከመቈርቈርዋ በፊት የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መዲና ነበረች።

በዚህ አገር ጉም ይበዛል። ጉሙ በወረደ ጊዜ ፀሐይ ስለማትታይ ጥላን ተመልክቶ ሰዓት የሚያውቅ ባላገር መለኪያው ይጠፋበታል። ዓይን በማያይበት ቀን ግን ጆሮ ይሰማል፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል ጉሙን አልፎ ለሸማኔውም ለገበያተኛውም እኩል ይደርሳል።

እኛም በችሎት ጽሕፈት ስናገለግል የዚህን ነገር ክብደት አይተናል። ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ በአንድ ችሎት ለሦስት ሰዓት የተቀጠሩ አንድ ሽማግሌ በጉም ውስጥ ረጅም መንገድ በእግራቸው መጥተው ሲደርሱ ስማቸው ተጠርቶ አልፎ ነበር። ሰዓት አልነበራቸውም፤ ፀሐይም አልታየቻቸውም። በመዝገቡ ላይ «አልቀረቡም» የሚለው ቃል ተጻፈ። ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ ሽማግሌውም ሰነፍ አልነበሩም።

ይህን ችግር ሌሎች ሕዝቦችም አስበውበታል። የጃፓን ሰዎች ሰዓትን ለሕዝብ በድምፅ ማስታወቅን «ጂሆ» ይሉታል። እነርሱም በቀድሞ ዘመን እንደኛ የቀኑን ሰዓት ከንጋት ጋራ አያይዘው ይቈጥሩ ነበር፤ ዳሩ ግን በአገራቸው የቀኑ ርዝመት እንደ ወራቱ እጅግ ስለሚለያይ ሰዓቱም ይረዝምና ያጥር ነበር። ጨንቻ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ቀንዋ ዓመቱን ሁሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ዛሬ ቶክዮ በምትባለው በኤዶ ከተማ ሰዓቱ በደወል ይነገር ነበር፤ ድምፁ የሚደርሳቸው ቤቶችም ለደዋዩ ገንዘብ ያዋጡ ነበር። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1871 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ግቢ እኩለ ቀን ላይ መድፍ መተኰስ ተጀመረ። ዛሬም በብዙ ከተሞች ሊመሽ ሲል በድምፅ ማጕያ ዜማ ይሰማል፤ ልጆችም ከጨዋታቸው ወደ ቤት ይመለሳሉ።

አሁን በጨንቻም ብዙ ሰው ሰዓቱን ከኪሱ ስልክ ያያል። ይሁን እንጂ የኪስ ሰዓት ለባለቤቱ ብቻ ነው፤ ደወል ግን ላለውም ለሌለውም ነው። ስለዚህ በሰዓት የሚቀጥርና በሰዓት የሚፈርድ ሁሉ አስቀድሞ ሰዓቱን ለሁሉ ማሰማት ይገባዋል። ወላጆችም ልጆቻቸው ቀጠሮ እንዲያከብሩ ከማስተማር ጋራ፥ ሰዓት የሌለው መንገደኛ በደጃቸው ሲያልፍ ሰዓቱን እንዲነግሩት ቢያስለምዷቸው መልካም ነው።