ከሳሉ ይልቅ ትንፋሹን አዳምጪ

ለውድ ልጄ፣

የልጅሽ ክርስትና በሰላም አለፈ፤ እንግዲህ ከአራስነት ወጥተሽ ወደ ቤትሽ ልትሄጂ ነው። ሌሊት ከጎንሽ ስለማልኖር፣ ልጁ ሲስል እንዳትደናገጪ ይህን ጻፍኩልሽ።

ጉንፋን የያዘው ሕፃን ቀን ደህና ውሎ ሌሊት ሳል የሚበረታበት በምክንያት ነው። ሲተኛ ንፍጡ ወደ ጉሮሮው ይወርዳል፤ በሳሉ ያንን ይጠርጋል። ስለዚህ ሳሉን ለማፈን አትቸኩይ። የሳል ሽሮፕ ለዚህ ዕድሜ አይሆንም። ማርም ዓመት ሳይሞላው በጣት ጫፍ እንኳ እንዳታቀምሺው፤ በማር ውስጥ የሚገኝ ተህዋስ በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ጎረቤት «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥለት» ካለሽ አመስግነሽ ሸኚ፣ ልጁን ግን አትስጪ፤ ትርፉ መድማትና ማመርቀዝ ነው።

የሚያቀልለት ሌላ ነው። በዚህ ዕድሜው በአብዛኛው የሚተነፍሰው በአፍንጫው ስለሆነ፣ ከመጥባቱና ከመተኛቱ በፊት ከፋርማሲ የተገዛ የጨው ውሃ ጠብ አድርጊለትና የለሰለሰውን ንፍጥ ጥረጊለት። ጡት ቶሎ ቶሎ ስጪው። በጀርባው አስተኚው፤ ትራስ አያስፈልገውም። የቡናውን ከሰልና ዕጣኑን ከሚተኛበት ክፍል አርቂ፤ ጭስ ሳልን ያባብሳል። ብርድ ፈርተሽም ከሰል አስገብተሽ፣ በር ዘግተሽ እንዳትተኚ፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም።

ከሁሉ በላይ ትንፋሹን እዪ። ጸጥ ባለበት ሰዓት ልብሱን ገልጠሽ፣ ሆዱ ከፍ ሲል እያየሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። 2 ወር እስኪሞላው 60 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ ዓመቱ ደግሞ 50 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ሲስል ትንፋሹ ቁርጥ ካለ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ወይም 2 ወር ሳይሞላው ካተኮሰው እስኪነጋ አትጠብቂ። «ሌሊት ነው፣ ሰው አላስቸግርም» አትበዪ፤ ጎረቤትሽን ቀስቅሺ።

ትክትክንና የሳንባ ምችን የሚከላከሉት ክትባቶች በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንቱ ይሰጣሉ። የመጀመሪያው ደርሷል፤ ዕቃሽን ሳትፈቺ ካርዱን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

እግዚአብሔር ያሳድግልሽ።

እናትሽ