የጥራጊ ጉድጓድና የብስባሽ ክምር

በኢትዮጵያ ከተሞች ከየቤቱ የሚወጣው ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው፤ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡናና የጠላ አተላ፣ ለበዓል ተጎዝጉዞ የደረቀ ቄጠማ፣ ከጓሮ የተነቀለ አረም ሁሉ ከዚህ ወገን ይቆጠራል። ከቀሪው ውስጥ የምድጃ አመድና ከግቢ የተጠረገ አፈር ሰፊ ድርሻ ሲይዙ፣ ለዓይን ጎልተው የሚታዩት ፕላስቲክ፣ ወረቀት፣ ጠርሙስና ቆርቆሮ በክብደት ሲመዘኑ አነስተኛ ናቸው። ስለዚህ አንድ ከተማ በነዳጅና በጉልበት አጓጉዞ የሚደፋው ክምር በአብዛኛው ከማሳ የመጣና ወደ ማሳ ሊመለስ የሚችል ነገር ነው።

ይህ እውነት በፀዳ ልዩ ክብደት አለው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ ከአዘዞ ቀጥላ የምትገኘው ፀዳ የከተማው ጫፍና የእርሻው መነሻ በመሆኗ፣ ጥራጊ የሚያወጣው አባወራና ጤፍና ሽምብራ የሚዘራው ገበሬ ጎረቤታሞች፣ አንዳንዴም አንድ ሰው ናቸው። ብስባሽ ወይም ኮምፖስት፣ ማለትም የእርሻ ተረፈ ምርትና የወጥ ቤት ትራፊ አየርና እርጥበት አግኝቶ በደቂቅ ተሕዋስያን ሲብላላ የሚገኘው ጥቁር፣ አፈር መሰል ማዳበሪያ፣ ከሚይዘው ንጥረ ነገር አንጻር ክብደቱ ብዙ ስለሆነ ሩቅ ማጓጓዝ አያዋጣም፤ በአዲስ አበባ ፈተና የሆነው ርቀት በፀዳ የጋሪ መንገድ ነው።

ጎንደር በአካባቢ ጤና ረገድ ትልቅ ታሪክ አላት። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ከጤና መኮንኖችና ከማኅበረሰብ ነርሶች ጎን ለጎን ሳኒታሪያን የሚባሉ የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ለአገሪቱ አፍርቷል፤ ፀዳም ራሷ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ መቀመጫ ናት። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተስፋፋው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ውስጥ ከ16ቱ ጥቅሎች አንዱ የደረቅና የፍሳሽ ቆሻሻ አወጋገድ ስለነበር፣ በብዙ ጓሮዎች የጥራጊ ጉድጓድ ተቆፍሯል። ይህ ዝንብንና አይጥን፣ ከእነርሱም ጋር በሽታን ከቤት ያራቀ ክቡር ሥራ ነው። ሆኖም ወደ አንድ ጓሮ የሚገቡት ሁለት ባለሙያዎች የሚያስተምሩት የተለያየ ነው፤ የጤና ባለሙያዋ ጥራጊው በጉድጓድ እንዲቃጠል ወይም እንዲቀበር ስትመክር፣ የግብርና ባለሙያው ከዚያው ግቢ ኮምፖስት እንዲዘጋጅ ይመክራል። ሁለቱ ምክሮች ባለመገናኘታቸው ልጣጩና ፌስታሉ በአንድ ጉድጓድ አብረው ይነዳሉ፤ ማሳውም የሚገባውን ያጣል።

ጉድጓዱ ራሱ በክረምት ሌላ ችግር አለው። ውኃ በሚይዘው የዋልካ አፈር ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ በሐምሌ ኩሬ ስለሚሆን፣ አየር ያጣው ትራፊ ይሸታል፤ ሚቴን የሚባለውንና ሙቀትን በማፈን አቅሙ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 ጊዜ በላይ የሚበልጠውን ጋዝም ያወጣል። ስለዚህ በዝናብ ወራት ከመሬት በላይ መከመር ይመረጣል። ክምሩ አየር በሚያስገባ የማሽላ አገዳ ወይም ጭራሮ ይጀመርና፣ ደረቅ ገለባና እርጥብ ቅጠል ከልጣጩ ጋር እየተፈራረቀ፣ በየመሃሉ እበት፣ አፈርና ጥቂት አመድ እየተነሰነሰ ከፍ ይላል። ቁመቱና ወርዱ ከ1 ሜትር ካነሰ በቀዝቃዛ ሌሊት ሙቀቱን አይጠብቅም፤ የአረም ዘርና የበሽታ ተሕዋስያን የሚጠፉት ግን ውስጡ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ነው። ለዚህም ቴርሞሜትር አያስፈልግም፤ መካከሉ ላይ የተተከለ ረጅም ዱላ ተመዝዞ ሲዳሰስ ትኩስና እርጥብ ከሆነ ሥራው ሰምሯል፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውኃ ጎድሎታል፣ ረጥቦ የሚሸት ከሆነ ደግሞ አየር አጥቷልና መገልበጥ አለበት።

ውጤቱ በኢትዮጵያ ማሳ የተፈተነ ነው። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ የመሠረቱት የዘላቂ ልማት ተቋም በ1980ዎቹ መጨረሻ በትግራይ ከገበሬዎች ጋር በጀመረው ሥራ፣ በኮምፖስት የለማ ማሳ የኬሚካል ማዳበሪያ ከተጨመረበት ጋር የሚወዳደር ምርት ሰጥቷል። እበቱ ኩበት ሆኖ በሚነድበት የጎንደር ደጋማ አገርም፣ በ2015 ዓ.ም. የአማራ ክልልን ገበሬ የማዳበሪያ እጥረት ባስጨነቀው ጊዜ እንደታየው፣ ይህ ውጤት ቀላል ነገር አይደለም።

የደረቁን ክፍል በተመለከተ ገበያው ከመንግሥት ቀድሟል፤ ጠርሙሱን፣ ብረቱንና ሃይላንዱን ቆራሌው ከየደጁ እየገዛ ይሰበስባል። የሚቀረው ፌስታሉ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. የፀደቀው አዋጅም የአንድ ጊዜ መጠቀሚያ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ከልክሏል። ነገር ግን አዋጅ ብቻውን አይበቃም፤ እያንዳንዱ አባወራ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው እንዲለይ አዋጅ ቁጥር 513/1999 አስቀድሞ ደንግጎ ነበር፤ በየቤቱ የተለየው በአንድ መኪና ተደባልቆ የሚጫን ከሆነ ግን ነዋሪው መለየቱን ቢተው አይፈረድበትም። ከተደባለቀ ቆሻሻ የተሠራ ብስባሽ የባትሪ ዝቃጭና የጠርሙስ ስባሪ ስለሚይዝ፣ በባዶ እግሩ ለሚያርስ ገበሬ ሊሰጥ የሚገባው አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የተደገፈው የከተሞች የኮምፖስት ፕሮጀክት ባሕር ዳርን ጨምሮ ስድስት ከተሞችን ሲያቅፍ ጎንደር አልነበረችበትም። ፀዳ ግን ፕሮጀክት እስኪመጣላት መጠበቅ አይኖርባትም፤ የጤናና የግብርና ባለሙያዎቿ በአንድ ቀን ወደ አንድ ጓሮ ገብተው፣ ጉድጓዱ ለማይበሰብሰው፣ ክምሩ ለሚበሰብሰው እንዲሆን ቢያስማሙ ይበቃል። ለመጀመርም አረሙና ሣሩ ሳይደርቅ የሚትረፈረፍበት የመስከረም መጨረሻ ይመረጣል፤ ያን ጊዜ የተከመረው እየተገላበጠና ውኃ እየጠጣ ከቆየ፣ ማሳው ለክረምት ዘር ከመታረሱ በፊት ይደርሳል።